ቢምቢ ነው እንጂ

እማሆይ ወለተ ኪዳን ገና ጎሕ ሳይቀድ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ሲቆጡ ምራታቸው እናትዓለም ጓዳ ሆና ሰማች። «ትናንት ጠግበህ ሄደህ አልነበረም ወይ?» ይላሉ። «ዛሬ ደግሞ ልጆችህን አስከትለህ መጣህ? ከእኔ ከአሮጊቷ ምን ተርፎ?» እናትዓለም መጀመሪያ ጸሎት መሰላት። ከሰይጣን ጋር እየተሟገቱ ይሆናል ብላ አማተበች፤ መነኩሴ ከሰይጣን ጋር ቢሟገት ሥራው ነው። ቆይታ ግን ሰይጣን ልጆቹን አስከትሎ መጣ ሲባል በዕድሜዋ ሰምታ እንደማታውቅ ትዝ አላት። ወዲያው ጥፍር ከጥፍር ሲጋጠም የሚሰማ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም «አቤቱ ይቅር በለኝ፣ ነፍስ አጠፋሁ» የሚል ሹክሹክታ። ባሏ አምሐ ከጎኗ ነቅቷል። መንቃቱን ያወቀችው ማንኮራፋቱ በመሃል ስለተቋረጠ ነው። «ሰማህ?» አለችው። «ቢምቢ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቤቱ ሹም አቦ ሰፈር ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ጓዳው የባልና ሚስቱ መኝታ ሲሆን ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ብፌና ከሦስት ሳምንት ወዲህ እማሆይ የሚተኙባት የሽቦ አልጋ አሉ። እማሆይ የአምሐ እናት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ዘጌ ከገዳሙ አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ፣ ከጥቂት የቡና ዛፍ ጋር ይኖራሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደባቸው ልጃቸው በጀልባ አስመጥቷቸዋል። የፊታችን ረቡዕ ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ይመጣል፤ ሞራውን ሊገፍፍላቸው ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። እንዲህ ያለ ሐኪም ወደ ባሕር ዳር ብቅ የሚለው በዓመት አንዴ ነው፤ የዘንድሮው ካመለጠ የእማሆይ ዓይን የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቅም ተብሏል። አልጋዋን ያመጣት አምሐ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለሚሠራ «ከመጋዘን በቅናሽ አገኘሁ» ብሎ እናቱ በመጡበት ቀን በጋሪ አስጭኖ ገባ። እናትዓለምም እንዲህ ያለ ለእናቱ የሚያስብ ባል ስለሰጣት ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ሌሊት ሌሊት የሚነክሳቸው ነገር ቢምቢ አለመሆኑን አምሐም ያውቃል፣ እናትዓለምም ታውቃለች፣ የጣና ቢምቢ ራሱም ያውቃል። ቢምቢ ሲመጣ እየዘፈነ ነው፤ ይኼኛው ድምፅ የለውም። ቢምቢ ያገኘውን ቦታ ወግቶ ይሄዳል፤ ይኼኛው ግን እንደ ሜይ ዴይ ሰልፈኛ በተርታ ነው የሚነክሰው። እናትዓለም አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አይታለች፤ ሳሎኑ ሲዘጋጋ ድንብላል ድንብላል የሚል ሽታ አሽትታለች። ስሙን ግን ማንም አይጠራውም። በዚህ ቤት ትኋን ማለት ሰው መስደብ ነው። እናትዓለም ልቧ እንደነገራት ከሆነ ተባዩ የመጣው ከዘጌ፣ በእማሆይ አጎዛ ውስጥ ነው። እማሆይና አጎዛቸው ከመግባታቸው በፊት ቤቷ እንዲህ ያለ ጉድ አያውቅማ። ታዲያ የባል እናት፣ ያውም ቆብ የደፉ መነኩሲት፣ «አጎዛዎ ትኋን አለበት» ይባላሉ? ይልቅስ በየጠዋቱ «ፀሐይ ይምታልዎ» እያለች አጎዛውን አውጥታ አጥር ላይ ታሰጣዋለች፤ ማታ መልሳ ስታነጥፈው ጠጉሩን በጣቷ ትፈለፍለዋለች። አንድም ቀን አንድም ነገር አላገኘችም። ብልጦች ናቸው ማለት ነው ብላ ደመደመች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ትኋን ግን ያፈራል።

ሲነጋ ሳሎን ስትገባ እማሆይ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጎዛው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። የአልጋዋ አንሶላ ተነሥቶ በወጉ ተጣጥፏል።

«እንዴት አደሩ፣ እማሆይ? ምነው ዕቃውን ሸከፉት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርሁ። ዛሬ ቅዳሜ አይደል? በቡርሀን ጀልባ ልሻገር ብዬ ነው፣ ልጄ። ቡናዬን ጦጣ ጨረሰብኝ።»

«ማን ነገረዎ?»

«በሕልሜ አየሁት።»

እናትዓለም ሕልም የሚያይ ሰው ሳሎኑ ውስጥ እንዳላደረ ታውቃለች፤ ተኝቶ ሲያንኮራፋ የነበረው ጓዳ ያለው ነው። የእማሆይ አንገት ከቆባቸው በታች በቀይ ነጥብ ተርታ ተይዟል። ረቡዕን አነሣች፣ ሐኪሙን አነሣች፣ ቀጠሮውን ለማስያዝ ስንት ሰው ደጅ እንደተጠናም አነሣች። «ለአሮጊት ዓይን ምን ያደርግላታል? እስከዛሬ ያየሁት መች አነሰኝ» አሉ እማሆይ። ከዚያ እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘረጉና ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ በጣታቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሰው መልክ የሚያዩት እንዲህ ነው። «ከስተሻል» አሏት። እናትዓለም እናቷን በሕፃንነቷ ነው የቀበረችው፤ ከስተሻል የሚላት ሰው ያገኘችው ካገባች ወዲህ ነው። እንባዋ መጣ። አምሐ ሻዩን ቆሞ እየጠጣ «እንግዲህ እማዬ ከወሰኑ ምን ይደረጋል» አለና፣ አልጋዋን አንዴ በጎን አየት አድርጎ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ወደ ሥራው በረረ። እናቱን ተሰናብቶ የሚሄድ ልጅ ሳይሆን ከሰው ኪስ ገብቶ የሚሮጥ ነበር የሚመስለው።

ጀልባዋ የምትነሣው ገበያተኛው ከገበያ ሲመለስ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። እናትዓለም የጀልባው ባለቤት የቡርሀን ሚስት ጦይባ ዘንድ ሄደች። ሩቅ አይደለም፤ የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ጦይባ ደጃፏ ላይ ዓሣ እየከተፈች ነበር። እናትዓለም የእማሆይን መሄድ ነገረቻት፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቢምቢው እኮ ነው ያስመረራቸው» አለች።

«የትኛው ቢምቢ? የእኛ ቤትም እኮ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በግድግዳው ተሻግሯል፤ በክንፉ ሳይሆን በእግሩ።»

«ውይ ጦይባዬ! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ቤትሽ ትኋን አለበት ብዬ? ጎረቤቴ አይደለሽ?» ጦይባ ቢላዋዋን በዓሣው ላይ አሳረፈች። የወባ መድኃኒት ነፊዎች ፋሲሎ ሰፈርን ጨርሰው ዛሬ ወደዚህ ሰፈር እንደሚገቡ የነገረቻት እሷ ናት። ማን ቤት ቀድመው እንደሚገቡ የሚያዘው የቀበሌው ሊቀመንበር ስለሆነ ቶሎ ብላ እሱን ማግኘት አለባት። «ሂጂ ንገሪው። እማሆይ ቤቱ ሲነፋ ካዩ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል። ቡርሀንን ለእኔ ተይው፤ እኔ ካልሁ ሞተሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነሣም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መርስዔ ኀዘን በልጅነቱ ዘጌ ዲያቆን ነበር። ቀዳሽነቱን ለአብዮቱ ሲል ትቶ፣ ድምፁን ግን ይዞት መጥቷል፤ ስብሰባ ላይ ሲቆጣ ዛሬም ዜማ ያወጣል። ቢሮው ከቀበሌው ሱቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስኳር ሊወስድ የተሰለፈው ሕዝብ የሚቆመው ልክ ከመስኮቱ ሥር ነው። በዚያ ቀን ሰልፉ እስከ ጎዳናው ደርሷል። እናትዓለም የሚያውቋትን ሁሉ እጅ እየነሳች አልፋ ገባችና ቆመች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር የመጣችው። አንዱን ቃል ብቻ መዝለል ነው፤ የቀረው ቀላል ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የወባ ሰዎቹ ወደኛ ቤት ቀድመው እንዲመጡልን ፈልጌ ነበር።»

«ወባ የያዘው ሰው አለ?»

«የለም። ቤታችን ውስጥ ግን... የሆነ ነገር ገብቷል።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ቀን ይደበቃል። ሰው ሲተኛ ነው የሚወጣ።»

ጓድ መርስዔ ኀዘን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድ ነው ወይስ ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው። አሁንማ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ጎረቤትም ተሻግረዋል።»

«ከየት ነው የመጡ?»

«እኔ እንጃ። ከዘጌ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣና መስኮቱን ዘጋ። መስኮቱ ግን ጣውላው የተጣመመ ስለሆነ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አይዘጋም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ማሳወቅሽ ጥሩ ነው፣ ጓድ እናትዓለም። አትፍሪ። ስንቅ ማን ነው የሚያቀብላቸው? ማን ነው የሚመግባቸው?»

«እማሆይ ናቸዋ» አለች እናትዓለም፤ የእማሆይ አንገት ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

«እማሆይ! እሳቸውን የመሰሉ መነኩሲት!» ጓድ መርስዔ ኀዘን ወንበሩ ላይ ወደቀ። «በፈቃዳቸው?»

«ምን ያድርጉ? ደማቸውን መጠው ጨረሷቸው እኮ!» እናትዓለም የሊቀመንበሩ ፊት መንጣቱን አየች። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን «ሰርጎ ገቦችን ነቅተን እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍም አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረገችው እሷ አይደለችም፣ ድንጋጤዋ ነው። «ኧረ ትኋን ነው!» ብላ ጮኸች። «ትኋን! ትኋን ነው ያልሁዎት!»

ከመስኮቱ ውጭ፣ ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ እስከ ሱቁ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ማከክ ተጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ክንዷን፣ ከዚያ ከፊቷ ያለው አንገቱን፣ ቀጥሎ ሰልፉ በሞላ። ጓድ መርስዔ ኀዘንም ብብቱን እያከከ ክብሩን ለመመለስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ትኋን የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን፣ በተደራጀ ክንድ እንደሚደመሰስ ለመስኮቱ አስረዳ። «እኔው ራሴ መጥቼ አስተባብራለሁ» አለ። እናትዓለም በስኳር ሰልፉ መካከል ስታልፍ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ደጇን ስታጥብ የኖረችው ለዚህ ነበር? አለቀሰች፤ እያለቀሰች ግን ሳቋ አመለጣት። የተባለው ተባለ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሰማይ አልተደፋም፤ ጫማዋም አልጠፋም።

ነፊዎቹ የመጡት ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አለቃቸው አዘዘ የሚባል፣ የመድኃኒቱን ጣሳ ጀርባው ላይ ያዘለ፣ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው ነው፤ ምሳው ደርሶበታልና ተቆጥቷል። «እኛ የተላክን ለቢምቢ ነው» አለ ነገሩን ሲሰማ። «እዚህ ቤት ስሙ ቢምቢ ነው» አለችው ጦይባ ከአጥሩ ማዶ። ሕጉን ነገራቸው፤ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ አንድም ሳይቀር መውጣት አለበት። መድኃኒቱ ትኋኑን ወዲያው አይገድለውም፤ ሁለት ሦስት ሌሊት አሳብዶ ነው የሚገድለው፤ እስከዚያ ማን አልጋው ላይ እንደሚተኛ እነሱው ይመካከሩ። እማሆይ አጎዛቸውን አቅፈው ከዘይቱናው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ በየመሃሉ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላሉ። እናትዓለም «ገና ነው» ትላለች።

የሰው ዕቃ ቤት ውስጥ ሲያዩት ዕቃ ነው፤ ደጅ ሲወጣ ግን ሐሜት ይሆናል። ብፌው ወጣ፣ ስንጥቁም አብሮ። አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረው ወንበር፣ ጥላሸት የጠጣው የላምባ ምድጃ፣ ከላይ ሲያዩት አበባ ከታች ደግሞ ማዳበሪያ የሆነው የጠረጴዛ ልብስ፣ እናትዓለም ለክፉ ቀን ብላ ከትራስ ውስጥ የደበቀችው ጥቁር ስኳር፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ተሰጣ። መንገደኛው ቆሞ አየ። ጓድ መርስዔ ኀዘን ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ «ብፌውን ወደ ግራ! ወንበሩን ወደ ቀኝ!» እያለ ያዛል። በመጨረሻ የቀረችው የእማሆይ አልጋ ናት። ሁለቱ ነፊዎች አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ ገብተው ሊያነሷት ሲያጎነብሱ ሊቀመንበሩ ደንግጦ ጮኸ።

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! የግርጌዋን ግራ እግር ደግፉ፣ እሷ እኮ ትወልቃለች!»

ሰዎቹ ቆሙ። እግሯን ገና ማንም አልነካትም። ጦይባ ከአጥሩ ማዶ ሆና አንገቷን አሰገገች። አዘዘ አልጋዋን ከፍ ሲያደርጋት የግርጌዋ ግራ እግር ወልቃ እሊቀመንበሩ ጫማ አጠገብ ተንከባለለች። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ጓድ መርስዔ ኀዘን እግሯን አየ፣ ሰውን አየ፣ ሰማዩን አየ። አዘዘ አልጋዋን በጎኗ ሲያጋድማት ደግሞ ከሥር ብረቱ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም፣ በትልልቁ «እታፈራሁ ቤት ፫» ተብሎ ተጽፏል። የእታፈራሁ ቤት ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረ፣ ባለፈው ክረምት ተዘግቶ ዕቃው የተሸጠ ቡና ቤት ነው። ከጓሮው በቁጥር የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች ነበሩት። እዚያ ማን ይገባ ማን ይወጣ እንደነበረ ከተማው እያወቀ አያውቅም።

«በቆጠራ ጊዜ ነው ያየኋት» አለ ሊቀመንበሩ፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ንብረቱ ሲቆጠር።»

«እግሯ ለብቻዋ ነበር እንዴ የተቆጠረች?» አለች ጦይባ።

«ስብሰባ አለብኝ» አለና ጓድ መርስዔ ኀዘን ወጥቶ ሄደ። አዘዘ የአልጋዋን መጋጠሚያ በሚስማር ሲጭር ትኋኑ እንደ ምስር ፈሰሰ። የሦስት ሳምንቱ ነገር ሁሉ ምንጩ እዚያ ነበር፤ በአጎዛው ውስጥ አይደለም፣ በግድግዳው ውስጥ አይደለም፣ እናትዓለም ፈጣሪዋን ባመሰገነችበት አልጋ ብረት ውስጥ ነው። ከፋብሪካ መጋዘን በቅናሽ! ደሟ ፈላ። አምሐ አጠገቧ ቢሆን ኖሮ የወለቀችው እግር ሥራ አታጣም ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ያ በየማታው የፈለፈለችው አጎዛ ታወሳት፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ምንም ያላገኘችበት አጎዛ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ እማሆይ ከዘይቱናው ሥር። «ቀይ ነገር ይታየኛል። ጽሕፈት ነው?»

አዘዘ መድኃኒቱን ጣሳው ውስጥ መቅዳት ያዘ። ጦይባ ወደ ዓሣዋ ዞረች። «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ደግመው። ሰባት ተኩል አልፏል። የፋብሪካ ቁጥር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ እናትዓለም ውሸቱን ምላሷ ጫፍ ላይ አግኝታው ነበር። ነገር ግን በዚያ ውሸት ላይ ጀልባዋ ትነሣለች፣ ረቡዕ ያልፋል፣ እኒህ ሴት ፊቷን በጣታቸው እንደዳሰሱ ይቀራሉ። ሄዳ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለችና ከሌሊቱ ቁጣ ጀምራ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው። ትኋኑን፣ ቢምቢ እየተባለ የተሸፈነውን፣ የስኳር ሰልፉን፣ የአልጋዋን እግር፣ ቀዩን ጽሕፈት፣ ቡና ቤቱን። አጎዛው ላይ ስትደርስ ጫፉን በእጇ ያዘች። «ከአጎዛዎ የመጣ መስሎኝ ነበር፣ እማሆይ። በየቀኑ የማሰጣው ለዚያ ነው።»

እናትዓለም አንገቷን ደፋች።

«እኔስ» አሉ እማሆይ፣ «ልጂቱ ምን ያህል ብትወደኝ ነው አጎዛዬን በየቀኑ ፀሐይ የምታስመታልኝ እያልሁ በየጠዋቱ ስመርቅሽ ነበር። ያን ሁሉ ምርቃት አሁን እንዴት ልመልሰው?» ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እናትዓለም ቀና ስትል እየሳቁ ነው። «ተባዩማ የቤትሽ መስሎኝ ነው። ደጅሽን ስታጥቢ፣ ወለሉን ስትጠርጊ ትውያለሽ፤ ትኋን ነከሰኝ ብዬ ላሳፍርሽ? መነኩሲት ሆኜ የሰው ገመና ላውጣ? ጦጣ በላው ብል ይሻላል አልሁ። ጦጣም እግዜር ይይላት።»

«ዓይንዎስ?»

«ለዓይኔማ ሌሊቱን አልቅሻለሁ» አሉ።

ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና አልጋዋ ዘንድ ሄዱ። ሁሉም ሥራውን አቆመ። መነኩሲት ሦስት ሳምንት የተኛችበትን አልጋ ምንነት ስታውቅ ምን እንደምትል ለመስማት ያልጓጓ ሰው በመንገዱም አልነበረም። አንዳንዱ ያማትባሉ ብሎ ጠበቀ። እማሆይ ቀዩን ቀለም በጣታቸው፣ የሰው ፊት እንደሚዳስሱት አድርገው ዳሰሱት። «ሦስት ቁጥር ላይ የነበረችው ልጅ ስሟ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ማንም አላወቀም። የአልጋዋን እግር የሚያውቅ ተገኝቶ ነበር፤ የልጂቱን ስም የሚያውቅ ግን ጠፋ። «እኔ ሦስት ሳምንት ብነከስ አጎዛዬን ጠቅልዬ ልሸሽ ተነሣሁ» አሉ። «መሸሻ አለኛ። እሷ ወዴት ትሽሽ? ገላዋ እየተበላ፣ ሳቂ እየተባለች።» ጦይባ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። አዘዘ እንኳ ምሳውን ረስቶ ጨርቁን ከአፉ ላይ ዝቅ አደረገ። እማሆይ ግን ልቅሶ አላስጀመሩም። «በሉ ውኃ ይፍላ፣ ላምባ ይምጣ» አሉ። «እናንተም ንፉ እንጂ፣ ምን ቆማችኋል? ጦይባ፣ ልጄ፣ ቡርሀንን በሰላም ግባ በይልኝ። እኔ ረቡዕን እጠብቃለሁ። ጦጣውም ድርሻውን ይብላ።»

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የፈላ ውኃ በመጋጠሚያው ሲያፈሱ፣ ሽቦውን በላምባ ሲያሹ ዋሉ። ጦይባም የራሷን ፍራሽ አውጥታ በአጥሩ ላይ ሰቀለች፤ ይህን ያዩ ሁለት ሌሎች ቤቶችም ፍራሻቸውን አወጡ። የትኛው ፍራሽ ቢምቢ እንዳለበት መንገደኛው ሁሉ እያየ አለፈ፤ ማንም አልሞተም። ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ አልጋዋ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፋ፣ ሆዷን ወደ መንገዱ ሰጥታ፣ ቀዩ ጽሕፈቷ እያብረቀረቀ ቆማለች። እማሆይ ወንበር አስወጥተው ከአጠገቧ ተቀምጠዋል። እናትዓለም ምስር ትለቅማለች። ጦይባ በዚያች ሰዓት አጥሩ ላይ የምትሠራው ሥራ አላጣችም።

አምሐ ብስክሌቱን እየገፋ ገባ። እናቱ አለመሄዳቸውን አይቶ ፊቱ በራ፤ ዓይኑ አልጋዋ ላይ ሲያርፍ ያው ፊት ጠፋ። ሚስቱን አየ። ሚስቱ ከምስሯ ቀና አላለችም።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ» አሉ እማሆይ። «ና እስቲ፣ ጤነኛ ዓይን ያለህ አንተ ነህ። ያ ቀይ ጽሕፈት ምን ይላል? ስጠይቅ ብውል የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ።»

አምሐ ጉሮሮውን ጠረገ። «የፋብሪካው ነው፣ እማዬ። የንብረት ቁጥር ነው።»

«እንዴት ያለ ቁጥር?»

«ሦስት።»

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት ብቻ ነው የሚል።»

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትዓለም» አሉ፣ «ረቡዕ ለሐኪሙ ሁለት ሰው መጥቷል በይልኝ፤ የእሱ ሞራ ከእኔ ይብሳል።» ጦይባ አጥሩን ይዛ በሳቅ ተንበረከከች፤ እናትዓለም አፏን በነጠላዋ አፈነች። አምሐ ብስክሌቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ መሬቱ ላይ ያለችውን የወለቀች እግር ያያት ያን ጊዜ ነው። እማሆይ ተነሥተው፣ በጣታቸው ፈልገው የልጃቸውን ፊት አገኙትና ከግንባሩ እስከ አገጩ ዳሰሱት። ከዚያ አጎዛቸውን ብድግ አድርገው ክንዱ ላይ አስታቀፉት።

«እኔ ከእናትዓለም ጋር ጓዳ ነው የማድር» አሉት። «አልጋዋ ላይ አንተ ትተኛለህ። መድኃኒት ነፊው ሦስት ሌሊት ይብስበታል ብሏል፤ አይዞህ ልጄ፣ ቢምቢ ነው እንጂ።»